የአምስት ቤት ዋይፋይ

አሮጌ ኮምፒውተር ሲሞቅ የራሱ ሽታ አለው። የተጠበሰ አቧራ፣ ለብ ያለ ፕላስቲክ፣ እኛ ቤት ደግሞ በዚያ ላይ ከሙሽሮች ሠርግ ይዘነው የምንመጣው፣ ከልብሳችን የማይለቀው የዑድ ሽታ። ባለፈው ሐሙስ የአንዲት ሙሽራ ፎቶ ከላፕቶፑ ወደ ትልቁ ኮምፒውተር ላሻግር ቁጭ ብዬ፣ ከአልጋ ሥር ያንን አሥር ሜትር ሰማያዊ ገመድ ስጎትት ሽታው መጣና ድሮ የኖርንበት የመካ ሰፈር፣ ጀርወል፣ ወስዶ ጣለኝ። ዕድሜዬ ገና ሠላሳ አልሞላም፤ ድሮን ማውራት የሽማግሌ ሥራ ነው ትሉኝ ይሆናል። መካ ውስጥ ግን ሰፈር ከሰው ቀድሞ ያረጃል። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን የኖርኩበት ሕንጻ ፈርሷል፤ ጠዋት ጠዋት ተሰልፌ ተሚስ የምገዛበት የአፍጋኑ ዳቦ ቤት የነበረበት ማዕዘን አሁን የሆቴል መግቢያ ሆኖ መስተዋት በመስተዋት ነው። ሰፈሩ ከፈረሰ እኔም ከድሮ ሰዎች ተርታ ብገባ ምን ይለኛል።

ከኮምቦልቻ የመጣሁት አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤቴ የትም አላስገባ ሲለኝ ነው። የተቀበለችኝ አክስቴ ዘሐራ ናት። እሷ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት መካ ኖራለች፣ ሥራዋም የሴቶች ሠርግ ፎቶ ማንሳት ነበር። ለማያውቅ ልንገር፤ እዚህ ሠርግ ላይ ወንድ ለብቻ፣ ሴት ለብቻ ነው። ሴቶቹ ቃዓ የሚሉት አዳራሽ ሲገቡ ጥቁሩ ዐባያ በሩ ላይ ይወልቃል፣ ከሥሩ የሚወጣውን ጉድ የሚያየው የገባ ብቻ ነው። ቀይ ቀሚስ፣ ወርቅማ ቀሚስ፣ ጀርባው ክፍት፣ ፀጉር እስከ ወገብ የተለቀቀ። በሩ ላይ አንዲት ደልዳላ ፈታሽ ሴት ካሜራ ያለውን ስልክ ሁሉ እየተቀበለች በላስቲክ ታስርና ቁጥር ትሰጣለች። ሚኒስትር ብትሆኚ ስልክሽን ታስረክቢያለሽ። ካሜራ ይዛ የምትገባ አክስቴ ብቻ ነበረች፣ ከኋላዋ ደግሞ መብራት ተሸካሚዋ እኔ።

ከእሷ የተሻለ የሚያነሱ ነበሩ፣ አልዋሽም። እሷን የሚጠሯት ግን ከእጇ ፎቶ ወጥቶ ስለማያውቅ ነው። አንዲት ፎቶ፣ አንዲት ብቻ፣ ራሷን የገለጠች ሙሽራ ባዕድ ወንድ ዓይን ላይ ብትወድቅ የልጅቷ ቤት ይታወካል። ከዚያ የአክስቴ ስም ያልቃል። ከፊሏ፣ አገሩ ላይ የምትኖርባት ዋሷ፣ የቃዓው ባለቤት ማዳም ነበረች፤ ማዳም ደግሞ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ለማሰረዝ አንድ ስልክ ይበቃታል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሹመይሲ ነው፣ ወደ አገር የሚመለስ ሰው የሚታጎርበት። ይህን አክስቴ በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት ነገረችኝ፣ ሁለተኛ አልደገመችውም።

ያ ጊዜ ሌላ ጊዜ ነበር። ሴት መኪና አትነዳም፤ ከመካ ጂዳ ስንሄድ የሚወስደን አንድ ሱዳናዊ ሾፌር ነበረን፣ መኪናው ውስጥ አንድ ካሴት ብቻ ያለው፣ እሱም አንድ ወገኑ የተበላ። አሁን አክስቴ ራሷ ትነዳለች፣ እኔ ጎኗ ተቀምጬ ፍሬን እረግጣለሁ፣ ፍሬኑ ግን እሷ ጋ ነው። ያኔ ፋሽኑ እጅጌው ላይ ጨሌ የተሰፋበት ዐባያ ነበር፤ የኔ ጨሌ በየመኪናው በር እየተያዘ ይበተን ስለነበር ግራ እጅጌዬ ሁልጊዜ ራሰ በራ ነው። ፉል በሁለት ሪያል፣ ተሚስ በአንድ ሪያል፣ ሁለት ሰው ጠግቦ ይተርፋል። አዛን ሲባል ሱቅ ሁሉ መዝጊያውን በአንድ ጊዜ ሲያወርድ የሚሰማው ድምፅ ዛሬም በጆሮዬ አለ፤ አንድ ጊዜ ፉሌን ቀድተው ዳቦዬን ሳይሰጡኝ ዘግተውብኝ ቆሜ ጠብቄያለሁ። ቃዓ ውስጥ ከበሮ የሚመቱት ሴቶች ሙሽራዋ ስትገባ የሚሉት ዜማ ነበር፣ ቃሉ ሳይገባኝ በልቤ የያዝኩት። ዕቃ ሳጥብ እሱን ሳንጎራጉር አክስቴ ትስቃለች፤ «አንቺን ደግሞ ማን አገባሽ?» ትለኛለች።

ሁለት ኮምፒውተር ነበረን። የካሜራው ሁሉ የሚገለበጥበት ላፕቶፕ አክስቴ መኝታ ቤት፣ አልበም የምንደረድርበትና ማተሚያው የተያያዘበት ትልቁ ኮምፒውተር ሳሎን። በመካከላቸው የሚመላለሰው ፍላሽ ነበር፣ ፍላሹን የምታመላልሰው ደግሞ እኔ። አንድ ጊዜ ፍላሹ ሁለት ቀን ጠፋ። አክስቴ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በመጨረሻ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎማ ውስጥ ተሰንቅሮ አገኘሁት፤ ከልብሴ ኪስ ጋር አጥቤዋለሁ።

«ሰዓዳ» አለችኝ፣ ፍላሹን በሁለት ጣቷ እንደ ሞተ አይጥ ይዛ፣ «ይቺ ኪስ ውስጥ የምትገባ ነገር አንድ ቀን ታጠፋናለች።»

«ታዲያ ምን ይደረግ፣ እቴቴ?»

«ኮምፒውተር ተምሬያለሁ የምትይው አንቺ አይደለሽም እንዴ? አገናኛቸው።»

ተምሬያለሁ ያልኩት አንድ ኮምፒውተር ለአሥራ አምስት ተማሪ በሆነበት ክፍል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ያየሁት የጓደኛዬን ትከሻ ነበር። ግን አልችልም ማለት አልወድም። ሁለቱንም ዋይፋዩ ላይ አስገባኋቸው። ላፕቶፑን «ዘሐራ»፣ ትልቁን «ሰዓዳ» ብዬ ስም አወጣሁላቸው። እርስ በርስ እንዲተያዩ የሚፈቅደውን አብርቼ፣ ፎቶው ሁሉ ያለበትን ፎልደር ሼር አደረግሁ፤ ስሙ «ዐራይስ» ነበር፣ ሙሽሮች ማለት ነው። ሳሎን ሄጄ ልከፍተው ስል ስምና ፓስዎርድ ይጠይቀኛል። የአክስቴን ስም ጻፍኩ፣ እምቢ። የኔን፣ እምቢ። የዋይፋዩን ፓስዎርድ፣ እምቢ። ሦስት ቀን ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን መኝታ ቤት ተመላለስኩ። ትዕግሥት በቤተሰባችን አልዞረም። ዓርብ ጠዋት ተናደድኩና ፓስዎርድ አትጠይቅ የሚለውን አገኘሁ፤ ለማን ይከፈት ሲለኝም ከዝርዝሩ ውስጥ ለሁሉም የሚለውን መረጥኩ። ሳሎን ሮጥኩ። ተከፈተ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

እዚህ ላይ ስለ ዋይፋዩ መናገር አለብኝ። ሕንጻው ውስጥ አምስት ቤት ነበርን፤ ሁለት የሐበሻ፣ ሁለት የየመን፣ አንድ የቻድ። ኢንተርኔቱን ያስገባነው በጋራ ነው፤ ሳጥኑ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ከመብራት ቆጣሪው በላይ በምስማር ተሰቅሎ አምስቱም ቤት ከእሱ ይጠጣ ነበር። መዋጮ የምሰበስበው ደግሞ እኔ ነበርኩ። በየወሩ መጨረሻ አምስት በር እያንኳኳሁ የኔቱን አምጡ እላለሁ። የአምስት ቤት መሆኑን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በዚያ ዓርብ ጠዋት ግን በጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ቤት አንድ ብቻ ነበር፣ የእኛ።

«እቴቴ፣ ሠራ!» ብዬ ሁሉንም ሙሽሮች፣ ከመጀመሪያዋ ጀምሮ፣ ወደ ትልቁ ኮምፒውተር አሻግር አልኩት። ሰዓታት ይፈጃል። እኛ ደግሞ ጂዳ አልበም ማድረስ ነበረብን። አክስቴ አንድ አመል ነበራት፤ ከቤት ስትወጣ ላፕቶፑን ክዳኑን ትዘጋና አንድ ያረጀ ጥቁር ጠርሐ፣ የራስ መሸፈኛ፣ ጣል ታደርግበታለች። እኔ በዚህ እቀልድባት ነበር፤ «እቴቴ፣ ኮምፒውተር ነው እኮ፣ ሐጅ አይሄድም» እላታለሁ። ያን ቀን ግን ሳልቀልድ ነገርኳት፤

«ዛሬ እንዳትዘጊው። ከተዘጋ መሻገሩ ይቆማል።»

«ሰምቻለሁ፣ ውረጂና ሾፌሩን አቁሚልኝ» አለች። ወረድኩ። የሕንጻው ወንዶች ሁሉ ቦታ ለማግኘት በጊዜ ለጁሙዐ ሶላት ወደ ሐረም፣ ወደ ታላቁ መስጊድ፣ ሄደዋል፤ ደረጃው ጭር ብሏል።

ጂዳ የሙሽራዋ እናት አልበሙን አገላብጣ አለቀሰች፣ ሳንቡሳ አቀረበችልን፣ አክስቴን ሁለት ጊዜ ሳመቻት። ደስ ብሎን ወደ ጂዳ አሮጌው ገበያ፣ በለድ፣ ወረድን። አሮጌዎቹ የእንጨት መስኮቶች ሥር የማንጎ ጭማቂ ይዘን፣ አክስቴ ለቀሚስ ጨርቅ እየዳበሰች ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ኑሩ ነበሩ፣ ላይኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን፤ ከወሎ መጥተው፣ ሆቴል ሲሠሩ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ጡረታ የወጡ ሰው። ለእኔ ደውለው አያውቁም።

«ሰዓዳ ነሽ?»

«ነኝ፣ ሐጂ። ደኅና ኖት?»

«አልሐምዱሊላህ። ልጄ፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ የናንተ በር ተከፍቶ አየሁ። ዐራይስ ይላል። እኔም...»

ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፣ ስልካቸው ዝግ ነው። ባትሪያቸው ሞቷል። ጭማቂው እጄ ላይ እንዳለ አምስቱ በሮች በየተራ ዓይኔ ላይ መጡ፣ እኔ እያንኳኳሁ የኔቱን አምጡ የምልባቸው። በየቤቱ ወንድ አለ፣ በየቤቱ ኮምፒውተር አለ።

ለአክስቴ ሳልሸፋፍን ነገርኳት። እሷም ጨርቁን አጥፋ መልሳ አስቀመጠች። «ያላ» አለች፣ ወደ መኪናው እያመራች።

መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ያን ቀን ግን እንደ ሪያድ ራቀብኝ። ሾፌሩ ካሴቱን ሊያበራ እጁን ሰደደና ፊታችንን አይቶ መለሰው።

«ኸይር ነው?» አለ።

«ኸይር» አለች አክስቴ። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር በአማርኛ፤ «ውስጡ ስንት ሙሽራ አለ?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም ማለት?»

«ከመጀመሪያዋ ጀምሮ። ያነሳሻቸው በሙሉ፣ እቴቴ።»

ጣቶቿ ላይ ዚክር መቁጠር ጀመረች። ሹመይሲ ስንደርስ አጥሩ በቀኝ በኩል ረጅም ሆኖ መጣ፤ አክስቴ ፊቷን ወደ ግራ መለሰች። እኔ ግን አየሁት። ሁልጊዜ ሌላ ሰው የሚገባበት ቦታ ይመስለኝ ነበር። በእኔ እጅ፣ በአንድ ጠቅታ፣ እሷን እዚያ ላስገባት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ፍላሽ በማጠብ እንኳ ያልተቻለውን።

የሕንጻውን በር ከፍተን ስንገባ ሐጂ ኑሩ ደረጃው ሦስተኛ እርከን ላይ ተቀምጠዋል። ከዘራቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ጭናቸው ላይ በቀይ ሹማጋቸው፣ በራስ መጠምጠሚያቸው፣ የተጠቀለለ ነገር አለ፣ ከጥቅሉ ሽቦ ተንጠልጥሏል። ከበላያቸው አንዱ የመናዊ ጎረቤታችን በፎጣና በካናቴራ ቆሞ ይለምናቸዋል፤

«ያ ሐጅ፣ እባክዎ፣ ኳስ ሊጀምር ነው። መልሰው ይስቀሉት።»

«ታሟል አልኩህ።»

«ማን ነው የታመመው?»

«ኔቱ። ሂድ ቡና ጠጣ።»

አክስቴን ሲያዩ ሹማጉን ገለጥ አደረጉ። ሳጥኑ ነው፣ የአምስቱ ቤት ዋይፋይ፣ ከነምስማሩ ተነቅሎ።

ሰውየው እያጉረመረመ ከወጣ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩን። ጉልበታቸው ስላመማቸው ጁሙዐ አልሄዱም። ልጃቸው በራሱ ላፕቶፕ ላይ የጫነላቸውን መንዙማ የሚያዳምጡት በዚያው ኔት ነው፤ የሚተያዩት ኮምፒውተሮች ዝርዝር ውስጥ ገብተው የልጃቸውን ይነካሉ። ዛሬ ሲከፍቱ ዘሐራ የሚል አዲስ ስም አዩ። «ልጄ ሌላ መንዙማ የጫነልኝ መስሎኝ ነካሁት። ዐራይስ የሚል ወጣ። የናንተን ሥራ አውቃለሁ፤ እጄን አነሳሁ። ወርጄ ነቀልኩት። ባንኳኳ ገና መውጣታችሁ ነው።»

«ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እዚህ ተቀምጠው?» አለች አክስቴ።

«ከሐረም የሚመለስ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ኔቱን ነው፤ ብተወው ይሰካው የለም? ዙህርንም እዚሁ ሰገድኩ። ስልክሽን ያገኘሁት ሚስቴ ስትመጣ ነው።»

እኔ አፌ አያርፍም። «ሐጂ፣ ውስጡን ግን...» ስል አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፣ ያ ቁንጥጫ ሳምንት ጠቁሮ ቆየ። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«ልጄ፣ እኔ ያየሁት በር ነው» አሉ። «በር አይቶ ቤት አየሁ የሚል ሰው ውሸታም ነው።»

ወደ ቤት ሮጥኩ። መኝታ ቤት ገባሁ። ላፕቶፑ ተዘግቷል። ጥቁሩ ጠርሐ በላዩ ጣል ተደርጎበታል።

«ዘግተሽው ነበር?» አልኳት አክስቴን፣ ከኋላዬ ስትደርስ።

«ታዲያ ሴት ልጅ ራሷን ገልጣ ትቻት ልሂድ?»

«እንዳትዘጊ አላልኩሽም?»

«አልሽኝ። አንቺ ብዙ ነገር ትያለሽ።»

ሳሎን ያለውን ትልቁን ኮምፒውተር አየሁት። መሻገሩ አርባ አንደኛዋ ፎቶ ላይ ተቋርጧል። አርባ አንድ ፎቶ ማለት ጥቂት ደቂቃ ነው። ሐጂ ስሙን ያዩት እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ ነበር ማለት ነው፤ እሳቸው በዚያ ጉልበት እስኪወርዱ አክስቴ ክዳኑን ዘግታ ወጥታለች። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ደግሞ የሕንጻው ወንድ ሁሉ ሐረም ነበር፣ ያ ኳስ የራበው የመናዊ ሳይቀር። ማን ገብቶ እንደነበር የሚነግረኝ ዝርዝር ፈለግሁ፣ የሚያሳየው አሁን ያለውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ በጭንቅላቴ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። ሁሉም ጊዜ ሐጂ ላይ ያበቃል።

አርባ አንዱን ፎቶ ከፈትን። አክስቴ አዳራሹን የምታነሳው እንግዳ ሳይገባ ነው። አበባ፣ ኬክ፣ ባዶ የሙሽራ ወንበር፣ እንደገና ኬክ። አንድም ሰው የለም። አክስቴ ኬኩን አየች፣ እኔን አየች፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ ሳቁ መሐል ላይ እንባ ሆነ፣ መልሶ ሳቅ ሆነ። እኔም ጎኗ ተቀመጥኩ። ሳሎናችን ጠባብ ነበር፣ ያን ጊዜ ግን እንደ ሜዳ ሰፋልኝ።

በማግስቱ «ኸላስ» አለችኝ። «ከዚህ እስከዚያ በሽቦ። ደረጃ ላይ የሚያልፍ ነገር አልፈልግም።» ማዕዘኑ ላይ ካለው ሱቅ ገመድ ጠየቅሁ፣ ያለው አሥር ሜትር ብቻ ነው፤ እኛ የሚበቃን አራት ነበር፣ የቀረውን ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኩት። ሁለቱንም ከዋይፋዩ አወጣኋቸው፣ በገመዱ ፊት ለፊት አገናኘኋቸው። ፓስዎርዱም ለምን እምቢ እንዳለኝ በመጨረሻ ገባኝ፤ ላፕቶፑ ራሱ ፓስዎርድ አልነበረውም፣ ፓስዎርድ የሌለው ሰው ደግሞ በሩቅ ሆኖ አይገባም። አበጀሁለት፣ ለአክስቴ ስም ብቻ ከፈትኩ፣ ጠየቀኝ፣ ጻፍኩ፣ ገባሁ። ሦስት ቀን ያንከራተተኝ ነገር የአምስት ደቂቃ ሥራ ሆነና አረፈ። ሳጥኑን ሐጂ ራሳቸው ቦታው መልሰው ሰቀሉት፣ ጎረቤቱም ኔቱ ስለዳነ ሐምዱሊላህ አለ።

ከዚያ በኋላ ሕንጻው ፈረሰ፤ የመኖቹ ወደ ጂዳ፣ እኛ ወደ ዓዚዚያ፣ ሐጂም ከእኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብለው። አሁን ኢንተርኔታችን የራሳችን ነው፣ መዋጮ የለም፣ የማንኳኳው በርም የለም። አሁን ፎቶዋን በራሷ ስልክ ለዓለም የምትለቅ ሙሽራም አለች፣ እኔ አልፈርድም። አክስቴን የሚጠሯት ግን አሁንም የማይለቁት ናቸው።

ባለፈው ሐሙስ ያልኳችሁ ሙሽራ የሐጂ ኑሩ የመጨረሻ ልጅ ረሂማ ናት። ገመዱን ጎትቼ እንዳገናኘሁ በሩ ተንኳኳ፤ ሐጂ ናቸው፣ በከዘራ፣ ጉልበታቸው ከድሮው ብሶ።

«ሳጥኑ የት ነው?» አሉ።

አሳየኋቸው። ነቀሉት፣ ኮሪደር ላይ ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«ሐጂ፣ ይሄ እኮ በገመድ ነው የሚሄደው። እዚያ ሳጥን ጋ አይደርስም።»

«አውቃለሁ።»

«ኔቱም የኛ ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ሥሪ።»

ሠራሁ። አክስቴ ሻይ አመጣችላቸው፣ ስለ ጉልበት መድኃኒት አወሩ። ስጨርስ ገመዱን ነቀልኩ፣ ክዳኑን ዘጋሁ፣ ጠርሐውን ጣል አደረግሁበት፤ ይሄን ጠርሐ ሦስት ጊዜ ቀይረነዋል።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ዘጋሽ?»

«ዘጋሁ፣ ሐጂ።»

ተነሥተው ሳጥኑን አቀበሉኝ። ከጭናቸው ሙቀት ለብ ብሏል።